ተተኪ ያጣው አጸድ

በደቡብ ጎንደር ሜዳና ዳገት ላይ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያየ መንገደኛ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ዙሪያው የታረሰ ማሳ ነው፤ ዛፉ የቀረው በአጸዱ ውስጥ ብቻ ነው። ለአገሬው ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም፤ አበው ጠብቀው አቆይተውታል፤ ልጆችም ይጠብቁታል። ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ለዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ግን ሁሉም የሚያውቀው ይህ ነገር የዕድሜ ልክ ጥያቄ ሆነ። አጸዱ ውስጥ ምን አለ? ይቆያልስ ወይ?

ጥያቄውን ለዶክትሬት ወደ ኔዘርላንድስ፣ ወደ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱም አልተዉትም። መልሱን የፈለጉት ግን እዚሁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,816 እስከ 3,111 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኙ 28 አጸዶችን መረጡ። ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ነበር። በየአጸዱ የናሙና ቦታ እየከለሉ ዛፉን በዓይነት ለዩ፤ ውፍረቱንም ለኩ።

የመጀመሪያው ውጤት የሚያስደስት ነበር። በእነዚህ ጥቂት አጸዶች ብቻ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎች ተገኙ፦ 100 የዛፍ፣ 51 የቁጥቋጦ፣ 17 የሐረግ። ከማሳውና ከግጦሽ መሬቱ የጠፋው የደጋና የወይና ደጋ ደን ዘር በቅጽሩ ውስጥ ተጠብቆ ኖሯል። ሃይማኖት የትኛውም የመንግሥት አዋጅ ያላደረገውን አድርጓል።

ደስታው ሙሉ ያልሆነው ልኬቱ በውፍረት ተከፋፍሎ ሲታይ ነው። ጤነኛ ደን ከሁሉ የሚበዛበት ቀጫጭኑ ወጣት ዛፍ ነው፤ መካከለኛው ያንሳል፤ ሽማግሌው ጥቂት ነው። በእነዚህ አጸዶች ግን የብዙ ዝርያዎች ወጣት ዛፍ ሳስቷል፣ ወይም ጭራሽ የለም። ትልልቆቹ ግርማ ሞገሳቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ ከሥራቸው የሚተካቸው ግን አይታይም። ከመንገድ ሆኖ የሚያይ ሰው ይህን አይለየውም። ደኑ ለምለም ነው፤ ግን እያረጀ ነው።

ታዲያ ወጣቶቹ የት ገቡ? ምርመራው በመጀመሪያ ወደ አፈሩ ዞረ። ከአጸዶቹ ውስጥ የተወሰደው አፈር ውኃ እየጠጣ ምን እንደሚበቅልበት ታየ። የወጣው አብዛኛው ሣርና አረም ነበር። አብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ የዘር ክምችት የላቸውም። መሬት ላይ ከወደቀው ዘርም ብዙው በጥቂት ወራት ውስጥ የእንስሳት ሲሳይ ይሆናል። ትርጉሙ ከባድ ነው፦ እናቲቱ ዛፍ ከሄደች፣ መሬቱ ያስቀመጠላት አደራ የለም ማለት ነው።

የቀረው ጥያቄ መሬቱ ዘር ቢያገኝ ይበቅላል ወይ የሚል ነበር። ለዚህ ሙከራ የጥድ፣ የወይራ፣ የጥቁር እንጨትና የሎል ዘርና ችግኝ በሁለት አጸዶች ተዘራ፣ ተተከለ። ከፊሉ ቦታ ታጠረ፤ ከፊሉ ለከብት ክፍት ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ ጉልህ ነበር። በታጠረው ቦታ ዘሩ በተሻለ ሁኔታ በቀለ፤ ችግኙም ጸድቆ አደገ። ባልታጠረው ቡቃያው ተበላ፣ ተረገጠ። በአጸዱ ላይ መጥረቢያ የማያነሳው፣ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ ወደ ቤቱ መውሰድ የሚከብደው ምእመን፣ በሬው በገባ ቁጥር የነገውን ደን ሳያውቅ ያስበላ ነበር። ችግሩ የእምነት መጉደል አልነበረም። ዛፍን የሚጠብቀው ወግ ገና ከመሬት ብቅ ያለችውን ሁለት ቅጠል እንደ ዛፍ አለመቁጠሩ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ከታሪክ መዝገብ አንድ ማስረጃ መጣ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ዶክተር ዓለማየሁ የተሳተፉበት ቡድን ከአሜሪካው ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ከዘመናችን የሳተላይት ምስል ጎን አስቀመጣቸው። ይጠበቅ የነበረው አጸዶቹ እየጠበቡ መምጣታቸው ነበር። ምስሉ ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ደኖቹ በጥቅሉ ስፋታቸውን ይዘው ቆይተዋል። የጠፋው በደኑና በማሳው መካከል የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ጣል ጣል ያለበት መሬት ነው። ዛሬ እርሻውና ግጦሹ እስከ አጸዱ ጠርዝ ይደርሳሉ።

መፍትሔው ከቤተ ሙከራ አልመጣም። ዶክተር ዓለማየሁ ሜክሲኮ በተደረገ ሳይንሳዊ ጉባኤ ላይ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ጋር ተዋወቁ። በኋላም ካህናቱን ሰብስበው፣ አጸዶቻቸው ከሰማይ ሲታዩ በሰፊ ማሳ መካከል እንዴት ነጥብ እንደሚያካክሉ አሳዩአቸው። ካህናቱም ገበሬው ከማሳው የሚለቅመውን ድንጋይ ይዘው ካብ እንሥራ አሉ። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፤ ከብቱ ከአጸዱ ይከለከላል። ሲሚንቶ አይፈልግም፤ መካቡንም አገሬው ከጥንት ያውቀዋል። በታጠረው የሙከራ ቦታ የታየው ነገር አጸዱን ሁሉ እንዲሸፍን የሚያደርግ ሐሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ታሪክ ስለ ክልል ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ይነግረናል ብዬ አምናለሁ። ከሩቅ የመጣ ተመራማሪ ዝርያ ቆጥሮ ሊሄድ ይችላል። ካህኑን እጅ ነስቶ ቅጽሩ ውስጥ የሚገባ፣ ገበሬው በሬውን ለምን እዚያ እንደሚያሰማራ የሚገባው፣ ውጤቱንም በአማርኛ መልሶ ለደብሩ የሚያስረዳ ምሁር ግን ቅርብ መኖር አለበት። ወይራና ጥድ ሙሉ ዛፍ እስኪሆኑ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ መምህር የሥራ ዘመን ይበልጣል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለካውን ዛፍ ደግሞ የሚለካ፣ በካቡ ውስጥ የጸደቀውን ችግኝ በየዓመቱ የሚቆጥር ተማሪ ማፍራትን ዋና ሥራቸው ማድረግ ይኖርባቸዋል። የምርምር ገንዘብም በመጀመሪያ ወደዚህ ሊሄድ ይገባል።