ሮሜ ምዕራፍ 7 ላይ ቆሞ መቅረት

ብዙዎቻችን ጥፋታችን በተነሳ ቁጥር የምንጠቅሳት አንዲት ጥቅስ አለችን። የእኔዋ ከሮሜ መልእክት ምዕራፍ 7 የተወሰደች ነበረች። ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያ ስፍራ የሚወደውን በጎ ነገር ትቶ የሚጠላውን ክፉ ነገር እንደሚያደርግ ይናገራል። «ጳውሎስ ያልቻለውን እኔ እንዴት እችላለሁ?» እያልኩ ለዓመታት ስጽናናባት ኖሬአለሁ።

የምጽናናበት ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ለመስክ ሥራ ከአዲስ አበባ ስወጣ ሦስት ሌሊት አድሬ የአምስት ሌሊት አበል እሞላ ነበር። አብሮኝ የሚሄደው ሹፌር ያውቃል፤ እኔም የእሱን አውቃለሁ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» እንባባላለን። ይባስ ብዬ ከዚያው ገንዘብ ላይ አሥራት አወጣ ነበር።

በአንድ የዐቢይ ጾም ሰሞን ነገሩን ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ጥቅሷንም አስከተልኩ። አባ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ከዚያ በኋላስ ምን ይላል?» ብቻ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ምዕራፍ 8ን ለብቻው ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከምዕራፍ 7 አያይዤ ግን አንብቤው አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ጳውሎስ ለሮም ክርስቲያኖች የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ምዕራፍም ቁጥርም አልነበረውም። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከእንግሊዛዊው ሊቅ ስቴፈን ላንግተን የመጣ ነው። የሐዲስ ኪዳንን ቁጥሮች ደግሞ ፈረንሳዊው አታሚ ሮበርት ኤስትየን እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስገባቸው። ቁጥሮቹ የምንፈልገውን ቶሎ እንድናገኝ ይረዱናል። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ቁጥር ከደብዳቤው ነጥለን ይዘን ስንሄድ ነው።

ደብዳቤውን እንደ ደብዳቤ ስናነበው መልኩ ይለወጣል። በምዕራፍ 6 ጳውሎስ ጸጋ እንዲበዛ ብለን በኃጢአት እንኑር ወይ ብሎ ይጠይቅና በፍጹም ብሎ ይመልሳል፤ ኃጢአት በሥጋችን ላይ እንዳይነግሥም ያዛል። በምዕራፍ 7 የሕግን መልካምነትና የሰውን ድካም ያሳያል፤ ጩኸቱም በክርስቶስ በኩል በሚቀርብ ምስጋና ይዘጋል። በምዕራፍ 8 በክርስቶስ ላሉት ኩነኔ እንደሌለ ያውጅና በመንፈስ ኃይል ክፉውን ሥራ መግደልን ያስተምራል። እኔ መንገደኛው ከሚያልፍበት ስፍራ ላይ ቤት ሠርቼ ተቀምጬ ነበር።

በምዕራፍ 7 ውስጥ «እኔ» የሚለው ማን ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት አልተስማሙም። አንዳንዶች ጳውሎስ ከጸጋ በፊት በሕግ ሥር ባለ ሰው ቦታ ሆኖ የተናገረው ነው ይላሉ። አውግስጢኖስም በመጀመሪያ ይህንኑ አስቦ ኋላ ላይ አማኙንም ይመለከታል ወደሚለው አዘንብሏል። በአገራችን የአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ መፍታት የተለመደ ስለሆነ ልዩነቱ ሊያስደነግጠን አይገባም። በሁለቱም መንገድ ቢፈታ ግን ቃሉ ለሐሰተኛ አበል ፈቃድ አይሆንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊ የንግሥት ሕንደኬ ገንዘብ ሁሉ አዛዥ ነበር። በዛሬ አነጋገር የፋይናንስ ሰው ልንለው እንችላለን። በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውላለህን ብሎ ጠየቀው። ባለሥልጣንነቱ ሳያሳፍረው የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይቻለኛል ብሎ መለሰ። የተማርን ሰዎች ማንበብ መቻላችንን ከመረዳት ጋር ስለምናምታታው ይህን መልስ መመለስ ይከብደናል።

ለመሆኑ ኃጢአትን ማሸነፍ በተግባር ምንድን ነው? በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ወንድሙን የበደለ ሰው እንዲናዘዝ፣ የወሰደውንም አምስተኛ እጅ ጨምሮ እንዲመልስ ታዝዟል። ቀራጩ ዘኬዎስ በሉቃስ ምዕራፍ 19 የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ያታለለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል። በኤፌሶን ምዕራፍ 4 ደግሞ የሚሰርቅ ሰው ስርቆቱን በመተው ብቻ አይወሰንም፤ ሠርቶ ለቸገረው ማካፈል ይጠበቅበታል። ንስሐ እንግዲህ ከእንባ በተጨማሪ የሒሳብ ሥራም አለበት።

አባም ያዘዙኝ ይህንኑ ነበር። የማስታውሳቸውን የመስክ ጉዞዎች ቆጥሬ፣ ሥራዬን ላጣ እንደምችል እያወቅሁ ለመሥሪያ ቤቴ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ተናገርኩ። ከሥራ አልተባረርኩም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ገንዘቡም ከደመወዜ በየወሩ ተቆረጠ። ቤት ውስጥ ማስረዳቱ ግን ከቢሮው የባሰ ከበደኝ። ባለቤቴ ያንን ገንዘብ የላቤ ዋጋ አድርጋ ነበር የምታየው።

ዛሬም የአበል ቅጽ ስሞላ የሌሊቱ ቁጥር ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ይዘገያል። ፈተናው አልጠፋም። እርስዎም የሚጽናኑባት ጥቅስ ካለችዎት ከእርሷ በፊትና በኋላ ያለውን አብረው ያንብቡት፤ ያልገባዎትን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።