«ተፈቀደ» ማለት ምን ማለት ነው?
በዋሽንግተን ግዛት በአንድ ቀን የጸደቁ ሁለት ሕጎችና ያስከተሉት ማኅበራዊ ለውጥ



ባለፈው ወር በምሠራበት ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የወጣት ማዕከል ውስጥ ስለ ሱስና ስለ ኤች.አይ.ቪ ውይይት እየመራሁ ነበር። እንደተለመደው ጫቱን፣ ሺሻውን፣ መጠጡን አንስተን ልንጨርስ ስንል ከኋላ የተቀመጠ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አሜሪካኖች ማሪዋና ፈቅደው የለ? ጉዳት ቢኖረው ይፈቅዱ ነበር?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ልጅ ቀበል አድርጋ «እነሱማ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻንም ፈቅደዋል። አገሩ አለቀለት በሉት!» አለች። እንደገና ሳቅ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ለሁለቱም የሚሆን በቂ መልስ አልነበረኝም። «በሚቀጥለው እንነጋገርበታለን» ብዬ አለፍኩት። ውይይቱ ሲያልቅ ግን ልጁ ወደ እኔ መጣና አባቱ ሲያትል እንደሚኖር፣ ፕሮሰሱ እንዳለቀና በጥቂት ወራት ውስጥ ወደዚያው እንደሚሄድ ነገረኝ። ለካስ ጥያቄው የጨዋታ አልነበረም! ሲያትል ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት ትልቋ ከተማ ናት። ልጁና ልጅቷ ያነሷቸው ሁለቱም ሕጎች በአንድ ቀን በሕዝብ ድምፅ የጸደቁባት ግዛት ይህችው ናት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ያነበብኩትን ለእሱም ለእናንተም ለማካፈል ወሰንኩ። መልካም ንባብ!

አንድ ቀን፣ ሁለት ውሳኔ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እዚህ የምናወራው ስለ ዋና ከተማዋ ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ሳይሆን በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ስለምትገኘው ስለ ዋሽንግተን ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2012 (ጥቅምት 27 ቀን 2005 ዓ.ም.) የግዛቲቱ ነዋሪዎች ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ሲወጡ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ቀርበውላቸው ነበር። አንደኛው ዕድሜያቸው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ማሪዋና እንዲይዙ ይፈቀድ ወይ የሚል ሲሆን ወደ 56 በመቶ የሚጠጋው ድምፅ ሰጪ «ይፈቀድ» አለ። ሁለተኛው ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች በሕግ ይጋቡ ወይ የሚል ነበር። ይህንንም ወደ 54 በመቶ የሚሆነው ደገፈው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 6፣ ሁለቱም በሥራ ላይ ዋሉ።

ሰዉ ብዙ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ ያወራቸዋል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሕግ የሚመለከተው አንድን ዕፅ ነው። ማን ይሽጠው፣ ማን ይግዛው፣ ምን ያህል ይያዝ የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው የሚመለከተው የሰዎችን ሕጋዊ አቋም ነው። ማን የማን ወራሽ ነው፣ ማን የማን ቤተሰብ ነው የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ ውጤታቸውንም ለየብቻ ማየት ይኖርብናል።

ማሪዋናው፦ ምኑ ነው የተፈቀደው?

«ተፈቀደ» ሲባል እንደ ከረሜላ ከየሱቁ የሚገዛ የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። እንዲህ አይደለም። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ክልክል ነው። አዋቂም ቢሆን መያዝ የሚችለው እስከ 28 ግራም ገደማ ነው። መንገድ ላይ ወይም መናፈሻ ውስጥ ማጨስ ያስቀጣል። ለመዝናኛ ብሎ በጓሮ መትከልም አልተፈቀደም። አንድ አሽከርካሪ በደሙ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ናኖግራም ቲ.ኤች.ሲ (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ነው) ከተገኘበት እንደ ሰካራም ሾፌር ይጠየቃል። ፈቃድ ያላቸው ሱቆች የተከፈቱት ሕጉ ከጸደቀ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2014 ነው። ከ2015 ጀምሮም በሽያጩ ላይ 37 በመቶ ልዩ ታክስ ይከፈላል።

እሺ፣ ምን ተለወጠ? መጀመሪያ የተለወጠው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው። በ2012 በአዋቂዎች ላይ አነስተኛ መጠን ያለው ማሪዋና በመያዝ የተከፈቱት ክሶች 5,531 ነበሩ። በ2013 ወደ 120 ወረዱ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ አገር አንድ ጊዜ መዝገብ የተከፈተበት ሰው ሥራ ሲፈልግም ቤት ሲከራይም መዝገቡ ይከተለዋል። በ2019 የግዛቲቱ ገዥ ጄይ ኢንስሊ በዚህ ዓይነት አነስተኛ ጥፋት ቀድሞ ለተቀጡ ሰዎች ምሕረት የሚያገኙበትን መንገድ ከፈቱ። ታክሱም በያዝነው የ2020ዎቹ አሥርት ዓመት ግዛቲቱ በየዓመቱ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ የምታገኝበት ሆኗል።

«ወጣቱ ያልቃል» የተባለውስ? በየሁለት ዓመቱ ገደማ በግዛቲቱ ትምህርት ቤቶች የወጣቶች ጤና ጥናት ይካሄዳል። «ባለፉት 30 ቀናት ማሪዋና ተጠቅሜያለሁ» ያሉት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2012 ወደ 19 በመቶ ነበሩ፣ በ2018 ደግሞ 18 በመቶ። በ2021 ወደ 7 በመቶ ወረዱ፣ በ2023ም 8 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፣ የ2021ዱ ቅናሽ የመጣው በኮቪድ ምክንያት ልጆቹ ቤት ውለው በከረሙበት ወቅት ስለሆነ ሕጉ ነው የቀነሰው ማለት አይቻልም። «ሕጉ አበዛው» ለማለት ግን ይበልጥ አይቻልም።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን፣ ግን ሌላም ገጽ አለ። የግዛቲቱ የሕዝብ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2017 ባወጣው ሪፖርት የሱቆቹ ሽያጭ በበዛባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ አዋቂዎች ይበልጥ ይጠቀማሉ፣ አብዝተው የሚጠቀሙትም ከፍ ይላሉ ብሏል። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የጥናት ተቋም እንዳመለከተው ደግሞ ሰው በሞተባቸው የመኪና አደጋዎች ውስጥ ከነበሩ ሾፌሮች መካከል ቲ.ኤች.ሲ የተገኘባቸው ከሕጉ በፊት በአማካይ 9 በመቶ ገደማ ነበሩ፣ ከሕጉ በኋላ 18 በመቶ ሆነዋል። በደም ውስጥ መገኘቱ ብቻ ለአደጋው መንስኤ ነው አያሰኝም፣ ቁጥሩ በእጥፍ ማደጉ ግን ያሳስባል።

ዕፁ ራሱም ተቀይሯል። ዛሬ በሱቆቹ የሚሸጠው ቅጠል በአማካይ ወደ 20 በመቶ ቲ.ኤች.ሲ አለው። ከቅጠሉ ተጨምቆ የሚወጣው ዘይትና ሰም መሰል ምርት ደግሞ ከ60 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ሐኪሞች የሚፈሩት ይህንን ነው። መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር በተለይ አእምሯቸው ገና በማደግ ላይ ባሉ ወጣቶች ላይ ጥገኝነትና የአእምሮ መታወክ የማስከተል ዕድሉም ከፍ ይላል።

ጋብቻው፦ ቤተሰብ ፈረሰ ወይ?

በዚህ ጉዳይ የአገራችን ሕግ አቋም ይታወቃል። የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል የሚፈጸም አድርጎ ይደነግጋል፣ የወንጀል ሕጉም የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል። የሕዝባችን ስሜትም ግልጽ ነው። እኔ እዚህ የምጽፈው ሌላው አገር ምን እንደሆነ ነው። የሚወዱትንም የማይወዱትንም ነገር በትክክል ማወቅ ደግሞ የተማረ ሰው ወጉ ነው።

በዋሽንግተን ግዛት ሕጉ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ባሉት አሥር ወራት ገደማ ከ7,000 በላይ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ጋብቻ ፈጽመዋል። ይህ በዚያ ጊዜ በግዛቲቱ ከተፈጸሙት ጋብቻዎች ከስድስቱ አንዱ ገደማ ነው። አብዛኞቻችን የማናስተውለው ግን ከሠርጉ በኋላ ያለውን ነው። አንዱ ሆስፒታል ሲተኛ ማን ይወስንለታል? ቢሞት ቤቱ ለማን ይሆናል? አብረው ያሳደጉት ልጅ የማን ነው? የጋብቻ ሕግ የሚነካው እነዚህንም ጥያቄዎች ነው። በሌላ በኩል አንድ ቄስ ወይም የሃይማኖት አባት እምነቱ ካልፈቀደለት እንዲያጋባ አይገደድም፣ ይህም በሕጉ ተጽፏል። በ2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ለሁሉም ግዛቶች አደረገው።

ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። ሪችላንድ በምትባል ከተማ አንዲት አበባ ሻጭ በ2013 ለአንድ የቆየ ደንበኛዋ «ለእንዲህ ያለ ሠርግ አበባ መሥራት እምነቴ አይፈቅድም» በማለቷ ተከሳ ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በ2021 ነው። ስምንት ዓመት! በአንድ ወገን እምነት፣ በሌላ ወገን ከማንም እኩል የመገልገል መብት ተፋጠጡ። ክርክሩ በሌሎች ግዛቶችም ቀጥሏል።

ታዲያ «ቤተሰብ ይፈርሳል» የተባለውስ? ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2024 የ20 ዓመቱን ውጤት ሲገመግም 96 ጥናቶችን መርምሮ የወንድና የሴት ጋብቻ በሕጉ ምክንያት ተጎዳ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕጉን ባጸደቁ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራስን የመግደል ሙከራ ከነበረበት በ7 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ። በሥራዬ ምክንያት ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈ ልጅ አጠገብ ተቀምጬ አውቃለሁ። ልጁን እዚያ ያደረሰው ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ነበር።

ከእኛ ሥራ ጋር የሚያገናኘውም ይህ ፍርሃት ነው። በአገራችን ኤች.አይ.ቪ በአብዛኛው የሚተላለፈው በወንድና በሴት ግንኙነት ነው። ቫይረሱ የጋብቻ የምስክር ወረቀት አይጠይቅም። የሚመቸው ድብቅ ኑሮ ነው። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ወገኖቻችን ከተከራዩት ቤት ይባረሩ በነበረበት ጊዜ ስንቱ ሰው መመርመር ፈርቶ ሚስቱንም ልጁንም እንዳስያዘ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ማንም ይሁን ማን፣ ከጤና ጣቢያ በር ሰውን የሚመልስ መገለል ለሁላችንም ኪሳራ ነው።

ወደ እኛ ሰው ስንመጣ

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ወደ ሲያትል ከሄደ ቆየት ብሏል። መጀመሪያ አካባቢ ያገኘው ሥራ ፈቃድ ባለው የማሪዋና ሱቅ ውስጥ ሒሳብ መቀበል ነበር። እሱ ራሱ አያጨስም። ሱቁ ሕጋዊ፣ ታክስ ከፋይ፣ ደመወዙም ጥሩ! ዜግነት ለማመልከት ጠበቃ ጋ ሲሄድ ግን ጠበቃው የሥራ ታሪኩን አይቶ ፎርሙን መልሶ አጠፈው። ምክንያቱም ግዛቲቱ ትፍቀድ እንጂ በፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ማሪዋናን ለመዝናኛ መሸጥም መጠቀምም እንደተከለከለ ነው። ዜግነትና ግሪን ካርድ የሚሰጠው ደግሞ ፌዴራሉ ነው። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ በዚህ ንግድ ውስጥ መቀጠር እንኳ ለዜግነት የሚያስፈልገውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ጠበቃው «ከሥራው ውጣ፣ አምስት ዓመት ጠብቅ፣ እስከዚያ ከአገር አትውጣ» አለው። እናቱ፣ ማለትም አክስቴ፣ በዚሁ መሀል አረፈች። ለቀብሯ አልመጣም።

ባንኮችም በዚሁ የፌዴራል ሕግ ምክንያት ከነዚህ ሱቆች ይሸሻሉ። ስለዚህ ሽያጩ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለበት ደግሞ ዘራፊ አይጠፋም። በ2022 መጀመሪያ በግዛቲቱ በእነዚህ ሱቆች ላይ የታጠቁ ዘረፋዎች ተደጋግመው ሰው እስከ መሞት ደርሷል።

እንግዲህ መልሴ

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ማዕከሉ ተመልሼ ለልጁ እንዲህ አልኩት። «ጉዳት ቢኖረው ይፈቅዱ ነበር ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ጉዳት እንዳለው እያወቁ ነው የፈቀዱት። ለዚህ ነው ዕድሜ የገደቡት፣ ታክስ የጫኑት፣ ሾፌሩን የሚመረምሩት። ማሰር ካስገኘው ጥቅም ያደረሰው ጉዳት ይበልጣል ብለው ነው። አንተ ስትሄድ ዕድሜህ 21 አልሞላም፣ ዜጋም አይደለህም። ስለዚህ እዚያ አገር 'ተፈቀደ' የሚለው ቃል አንተን አይመለከትም።» ለሁሉም ደግሞ ሁልጊዜ የምለውን ደገምኩ። ማሪዋናም ይሁን መጠጥ ወይም ጫት፣ ከራስ ጋር መመካከር ባቃተ ሰዓት ኮንዶም ይረሳል፣ «እምቢ» ማለት ይከብዳል።

ልጅቷንም አልረሳኋትም። «አገሩ አላለቀም» አልኳት። «ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ሰዉ ይጋባል፣ ይፋታል፣ ይወልዳል። የተለወጠውን ከፈለግሽ ቁጥሩን አሳይሻለሁ።» እሷም ቀበል አድርጋ «ቲቸር፣ እንግዲያው ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ለጥፊልን» አለችኝ። በማግስቱ ለጠፍኩት።

ልጁ ከመሄዱ በፊት የአክስቴን ልጅ ስልክ ሰጥቼዋለሁ። እናንተም ወደዚያ የሚሄድ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሻንጣው ሳይዘጋ ይህን ጽሑፍ አስነብቡት።

እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር እንሰንብት!