ለጭነት የተከፈተው ኬላ

የትራንዚተር ሥራ ዕቃን በሕግ ከአገር አገር ማሻገር ነው። ሞያሌ ላይ ይህ ሥራ ቀሎልናል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች የመረቁት የጋራ ኬላ ሁለቱን ፍተሻዎች አንድ ቦታ አገናኝቷቸዋል፤ ወደ ኬንያ የሚገባ መኪና የሁለቱንም አገሮች ሠራተኞች በኬንያ በኩል ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛቸዋል።

ነጋዴ ዕቃውን ሌሊት በጫካ የሚያሻግረው ኬላው ላይ ቀናት ሲባክኑበትና ወጪ ሲበዛበት ነው። ሕጋዊው መንገድ ሲያጥር ኮንትሮባንድ ይዳከማል። ለሰውም እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሞያሌ የሚሻገረው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ቦረናና ገብራ በሁለቱም ወገን ዘመድ ስላላቸው ገበያና ለቅሶ ያመላልሳቸዋል። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ የሚነሡ ብዙ ወጣቶች ግን የሚያስቡት ደቡብ አፍሪካን ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ ባይጠየቅም ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ለመሥራት ደግሞ የሥራ ፈቃድ። እነዚህ የሌሉት ወጣት ደላላ እጅ ይወድቃል።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት የሆነው የኢጋድ አባል አገሮች ሚኒስትሮች ካርቱም ላይ የሰዎችን ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ተቀበሉ። በቀጣዩ ወር ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ 64 ሰዎች በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነገረ። በእኛ ሙያ ኮንቴይነር ምን እንደጫነ፣ ስንት እንደሚመዝን፣ ማን እንደላከው ሳይታወቅ ኬላ አያልፍም። ለቡና የምናደርገውን ጥንቃቄ ለእነዚያ ሰዎች ያደረገላቸው አልነበረም።

በዕቃና በሰው መካከል ያለው ይህ ልዩነት በአህጉር ደረጃም ይታያል። በ2010 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የነፃ ንግድ ቀጣናን ስምምነትና የሰዎችን ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ለፊርማ አቀረቡ። የንግዱ ስምምነት በግንቦት 2011 ጸና፤ የሰዎቹ ግን የሚያስፈልጉትን 15 አጽዳቂ አገሮች እስካሁን አላገኘም።

ሰው ይጎርፋል የሚለው ስጋት ይገባኛል። ሆኖም ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዜጎቻቸው እርስ በርስ በመታወቂያ እንዲሻገሩ ፈቅደዋል። በዚህ መንገድ የሚሻገር ሰው ታውቆ ይገባል፣ ታውቆ ይወጣል። ነፃ ዝውውር ስደትን አያስቆምም፤ የደቡብ አፍሪካ ገቢ እስካማለለ ድረስ የሚሄድ አይጠፋም። ነገር ግን በሕግ የገባ ሰው ሠርቶ መመለስ ይችላል፤ በድብቅ የገባው መመለሻውን ፈርቶ ይቀራል።

ስለዚህ የኢጋድ ፕሮቶኮል ከወረቀት ወርዶ ኬላ ላይ ይሥራ። ፓስፖርት ለገጠሩ ወጣት በዋጋም በጊዜም ይቅረበው። ከኬንያ ጋር የሥራ ፈቃድን የሚያቀል ስምምነት ይኑረን። ደላላውን ከገበያ የሚያስወጣው ከእሱ መንገድ ያጠረና የረከሰ ሕጋዊ መንገድ ነው።