የተናቀው የጋራ ኢሜይል ሳጥን

ኤሊያስ (alias) የሚባለው ተለዋጭ አድራሻ ለአንድ ሰው ኢሜይል የተሰጠ ሁለተኛ ስም ነው፤ ከዚህ በላይ ብዙ አያናግርም። የጋራ ሳጥን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የራሱ የመልእክት ማኖሪያ አለው፣ ሠራተኞችም በየራሳቸው መግቢያ ይከፍቱታል። ማይክሮሶፍት 365 ላይ እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ ለሳጥኑ ተብሎ ላይሰንስ አይገዛም። ይህ እያለ «ሽያጭ» የሚል ተራ አካውንት ከፍቶ ፓስዎርዱን ለቢሮው ሁሉ ማደል ምን ይባላል? ይረክሳል እንዳይባል፣ ላይሰንስ የሚጠይቀው ተራው አካውንት ነው። ይቀላል እንዳይባል፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በአንድ ሰው ስልክ ነው፤ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥርም ፓስዎርዱ ተቀይሮ እንደ አዲስ ይታደላል። የተሳሳተ ዋጋ ለደንበኛ ሲሄድ ደግሞ ማን እንደላከው አይታወቅም።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሳጥኑን የከፈተ ሁሉ በስሙ መጻፍ የሚችል ይመስላቸዋል። አይችልም። የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሥርዓት በሆነው በኤክስቼንጅ ሙሉ የመክፈት ፈቃድ ያለው ሰው ያነባል፣ ይሰርዛል፤ በሳጥኑ አድራሻ ልላክ ሲል ግን ይከለከላል። ለመላክ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። በሳጥኑ ስም ከላከ ተቀባዩ የሚያየው የድርጅቱን አድራሻ ብቻ ነው፤ በውክልና ከላከ የላኪው ስም አብሮ ይታያል። ልዩነቱ የማይክሮሶፍት ፈጠራ አይደለም። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 822 የተባለው የኢሜይል ደንብ የመልእክቱን ባለቤት በአንድ መስመር፣ መልእክቱን በእጁ የላከውን በሌላ መስመር ያሰፍራል፤ ምሳሌ ያደረገውም በአለቃዋ ምትክ የምትልክ ጸሐፊን ነው። የእኛ መሥሪያ ቤቶችም ቢሆኑ በኃላፊው ቦታ ምክትሉ ሲፈርም ማህተሙ የቤቱ፣ ፊርማና ቲተሩ የፈራሚው መሆኑን ከኢሜይል በፊት ያውቁታል።

«ደንበኛ የሠራተኛ ስም ማየቱ ያደናግረዋል እንጂ አይጠቅመውም» የሚሉ አሉ፤ ለተራ ጥያቄ እውነታቸውን ነው። እዚያ በሳጥኑ ስም መላክ ይሻላል፤ የላኪው ማንነት በኤክስቼንጅ የውስጥ መዝገብ ስለሚሰፍር ተጠያቂነቱ አይጠፋም። ውልና ክፍያ ሲሆን ግን ተቀባዩም ከማን ጋር እንደሚነጋገር ቢያውቅ ይመረጣል።

የጋራ ሳጥን እንከን የለውም ማለት አይደለም። ቅንብሩን ማንም ካልነካው፣ የተላከው መልእክት ቅጂ የሚቀመጠው በላኪው የግል ሳጥን እንጂ በጋራው አይደለም። አንዷ ጠዋት ለደንበኛ ትመልሳለች፤ ባልደረባዋ ከሰዓት የጋራውን ሳጥን ሲከፍት ምላሹን አያገኘውም፤ እሱም ይመልሳል፤ ደንበኛው ሁለት ዋጋ ይዞ ይደውላል። ከዚያ ወቀሳው በሠራተኞቹ ላይ ይወርዳል፣ ያለ ጥፋታቸው። ቅጂው በጋራው ሳጥንም እንዲቀመጥ ማድረግ የአስተዳዳሪው ሥራ ነው፤ በሳጥኑ ስም ለተላከውና በውክልና ለተላከው ማብሪያው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም ያብራ።