የዓመቱ ምርጥ ዘፈን፦ አሸናፊውን የሚለየው አድማጩ ነው ወይስ ቆጠራው?

ጳጉሜን ተሻግረን መስከረም በጠባ ቁጥር በሙዚቃ ወዳዶች መካከል የማይቀር ክርክር ይነሣል። በተሰናበተው ዓመት ከወጡት ዘፈኖች የትኛው ይበልጣል? የትኛው አንደኛ፣ የትኛውስ ሁለተኛ ሊባል ይገባዋል? ክርክሩ በተማሪዎች ማደሪያ፣ በሻይ ቤትና በአውቶቡስ ውስጥ ይሰማል። የመገናኛ ብዙኃንም ይሳተፉበታል። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሲተላለፍ የቆየው የ«ለዛ» ዝግጅት የዓመቱን ምርጥ ዘፈን፣ ምርጥ አልበምና ምርጥ አዲስ ድምፃዊ በአድማጮች ድምፅ እያስመረጠ በመሸለም ይታወቃል።

ብዙዎቻችን እንደምናምነው በእንዲህ ያለ ውድድር አስቸጋሪው ነገር የሰው ጣዕም መለያየቱ ነው፤ ድምፁ ከተሰበሰበ በኋላ ግን የሚቀረው መደመር ብቻ ነው፤ መደመር ደግሞ አያዳላም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ነው። የአንድም አድማጭ ምርጫ ሳይለወጥ የቆጠራው ሥልት ብቻ ሲለወጥ አሸናፊው ሊለወጥ ይችላል። ጉዳዩ ዘፈንን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የክፍል አለቃም ሆነ የክበብ ሊቀመንበር ስንመርጥ የሚገጥመን ይኸው ጥያቄ ነው።

ሦስት አካባቢዎች፣ ሦስት ዘፈኖች

ምሳሌያችንን ከሰሜን ሸዋ ደጋ እንውሰድ። መንዝና ግሼ እንዲሁም መርሐቤቴ ቀድሞ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር የሚጠሩ አውራጃዎች ነበሩ። ዛሬ መሐል ሜዳ በመንዝ፣ ራቤል በግሼ፣ ዓለም ከተማ በመርሐቤቴ የታወቁ ከተሞች ናቸው። ከሦስቱ አካባቢዎች የመጡ 100 ተማሪዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ሊመርጡ ተስማሙ እንበል። ለውድድር የቀረቡት ሦስት ዘፈኖች ሲሆኑ አንዱ በትዝታ፣ አንዱ በባቲ፣ አንዱ በአምባሰል ቅኝት የተዜመ ነው። ዘፈኖቹን በየቅኝታቸው ስም እንጥራቸው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የየአካባቢውን ሕዝብ ጣዕም አያመለክቱም።

እያንዳንዱ ተማሪ ሦስቱን ዘፈኖች በቅደም ተከተል ጽፎ ሲያስረክብ የሚከተለው ተገኘ።

መንዝ (40 ተማሪዎች)፦ 1ኛ ትዝታ፣ 2ኛ ባቲ፣ 3ኛ አምባሰል።
መርሐቤቴ (35 ተማሪዎች)፦ 1ኛ አምባሰል፣ 2ኛ ባቲ፣ 3ኛ ትዝታ።
ግሼ (25 ተማሪዎች)፦ 1ኛ ባቲ፣ 2ኛ አምባሰል፣ 3ኛ ትዝታ።

አሸናፊው ማን ነው? የመጀመሪያው ቆጣሪ በለመድነው መንገድ የአንደኝነት ድምፆችን ብቻ ይቆጥራል። ትዝታ 40፣ አምባሰል 35፣ ባቲ 25 ያገኛሉ። ስለዚህ ትዝታ አሸነፈ ይላል።

ሁለተኛው ቆጣሪ በዚህ አይስማማም። ከመራጮቹ 60ዎቹ ትዝታን በመጨረሻ ደረጃ አስቀምጠውታልና ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል ባይ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘው ባቲ ከውድድር ይወጣል፤ የግሼ 25 ድምፆችም ሁለተኛ ምርጫቸው ወደሆነው አምባሰል ይዞራሉ። ውጤቱ አምባሰል 60፣ ትዝታ 40 ይሆናል። በዚህ ሥልት አምባሰል አሸነፈ።

ሦስተኛው ቆጣሪ ደግሞ ዘፈኖቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ያወዳድራል። ባቲና ትዝታ ብቻ ቢቀርቡ ባቲ 60 ለ40 ያሸንፋል። ባቲና አምባሰል ብቻ ቢቀርቡም ባቲ 65 ለ35 ያሸንፋል። ስለዚህ ሁሉንም ተቀናቃኞቹን ፊት ለፊት የሚረታው ባቲ ነው፤ በመጀመሪያው ቆጠራ የመጨረሻ የሆነው፣ በሁለተኛውም ቀድሞ የተሰናበተው ዘፈን!

ከሦስቱ ቆጣሪዎች አንዱም አላጭበረበረም፤ ከ100ዎቹ ወረቀቶችም አንዱ አልተነካም። እንዲያም ሆኖ ሦስት ሥልቶች ሦስት የተለያዩ አሸናፊዎችን ሰጡ።

ከፓሪስ የተነሣ ጥያቄ

ይህን ጉዳይ በሒሳብ ዓይን በጥልቀት ከመረመሩት መካከል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ ሁለት ፈረንሳውያን ምሁራን ይገኛሉ። ዣን ሻርል ደ ቦርዳ እ.ኤ.አ. በ1770 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ሐሳብ ለየደረጃው ነጥብ እንዲሰጥ ጠየቀ። በእኛ ምሳሌ ለአንደኛ 2፣ ለሁለተኛ 1፣ ለሦስተኛ 0 ነጥብ ብንሰጥ ባቲ 125፣ አምባሰል 95፣ ትዝታ 80 ነጥብ ያገኛሉ። ማርኪ ደ ኮንዶርሴ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ድርሳን እውነተኛው አሸናፊ ሁሉንም በጥንድ ውድድር የሚረታው ነው ሲል አስተማረ፤ ይህም የሦስተኛው ቆጣሪያችን ሥልት ነው። በእኛ ምሳሌ ሁለቱም ባቲን ይመርጣሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ከመርሐቤቴ የመጡት 35 ተማሪዎች የቦርዳን ቆጠራ ሥራ ላይ እንደሚውል ቀድመው ሰሙ እንበል። ለሚወዱት አምባሰል የሚያሰጋው ባቲ መሆኑን ተረድተው እውነተኛ ምርጫቸውን በመደበቅ ባቲን ከሁለተኛ ወደ መጨረሻ ደረጃ ዝቅ ያደርጉታል። አሁን የጻፉት አንደኛ አምባሰል፣ ሁለተኛ ትዝታ፣ ሦስተኛ ባቲ ይሆናል። የመንዝና የግሼ ወረቀቶች እንደነበሩ ናቸው።

ነጥቡን ዳግመኛ ስንደምር ትዝታ 115፣ አምባሰል 95፣ ባቲ 90 ይሆናል። ብልጠቱ ባቲን ጣለው፤ ነገር ግን አምባሰልን አላነገሠም። ያነገሠው መርሐቤቴዎች ከሁሉ አብልጠው የማይፈልጉትን ትዝታን ነው! ተቀናቃኝን ለመጉዳት የተሰጠ ድምፅ ሰጪውን መልሶ ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ጥንድ ውድድሩስ ምን ይላል? ትዝታ ባቲን 75 ለ25 ይረታል። ባቲ አምባሰልን 65 ለ35 ይረታል። አምባሰል ደግሞ ትዝታን 60 ለ40 ይረታል። ከየትኛውም ዘፈን ብንነሣ እርሱን የሚያሸንፍ ሌላ ይገኛል፤ ነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ እንደሌለው ቀለበት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የጻፈው ቅደም ተከተል የተስተካከለ ሆኖ ሳለ የሁሉም በአንድነት ሲታይ ቅደም ተከተል የለውም። ይህ የኮንዶርሴ እንቆቅልሽ ይባላል።

አንባቢዎቻችን በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጡት የሚችሉት አንድ ስሌት እነሆ። ሦስት ዘፈኖች በ6 ዓይነት መንገድ ይደረደራሉ። ስለዚህ ሦስት መራጮች ወረቀታቸውን በ6 × 6 × 6፣ ማለትም በ216 መንገዶች ሊሞሉ ይችላሉ። ከእነዚህ ቀለበት የሚፈጥሩት 12 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከመቶ 5.6 ገደማ ነው። ሁሉም ድርድር እኩል ዕድል እንዳለው ብንወስድ የመራጮች ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ዕድሉ ወደ 8.8 ከመቶ ይጠጋል። የዘፈኖቹ ቁጥር ሲጨምርም ዕድሉ ይጨምራል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ የነገሩን ሥር አሳየ። አማራጮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ከአንድ ሥልት የምንጠብቃቸው መልካም ጠባዮች አሉ። ሁሉም ሰው አንዱን ዘፈን ከሌላው ካስበለጠ የጋራው ውጤትም እንዲያስበልጠው፤ የሁለት ዘፈኖች ደረጃ ስለ ሦስተኛው ዘፈን ባለ አስተያየት እንዳይወሰን፤ አንድ ሰው ብቻውን የሁሉን ምርጫ እንዳይወስን፤ ውጤቱም ምንጊዜም ቀለበት የሌለበት ቅደም ተከተል እንዲሆን። አሮው እነዚህን ሁሉ በአንድነት የሚያሟላ የድርደራ ሥልት ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጠ። ለምጣኔ ሀብት ሳይንስ ባበረከተው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

የጎረቤትን ምርጫ ማየት

እስካሁን እያንዳንዱ አድማጭ ጣዕሙን ራሱ ያውቀዋል ብለን ተነሥተናል። በገሃዱ ዓለም ግን ሰው ዘፈንን የሚሰማው «ይህ እኮ ሁሉም የሚያወራለት ነው» እየተባለ ነው። ይህ ምን ያህል ያናውጣል?

ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙትን ሙከራ እንጥቀስ። 14,341 ተሳታፊዎች የማይታወቁ ቡድኖች የተጫወቷቸውን 48 ዘፈኖች በኢንተርኔት እንዲሰሙና የወደዱትን እንዲወስዱ ተጋበዙ። የተወሰኑት የሌላውን ምርጫ ሳያዩ በየግላቸው መረጡ። የቀሩት ስምንት ቡድን ተደርገው በየራሳቸው ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተወሰደ እያዩ መረጡ።

ስምንቱ ቡድኖች አንድ ዓይነት ዘፈኖች ተሰጥተዋቸው ሳለ ውጤታቸው ተለያየ። በነጻዎቹ መራጮች ዘንድ 26ኛ የሆነ አንድ ዘፈን በአንደኛው ቡድን 1ኛ ሲወጣ በሌላው 40ኛ ወጣ። በአጋጣሚ ቀድሞ ጥቂት ሰው የወሰደው ዘፈን ሌላውን እየሳበ ሄደ ማለት ነው። በእርግጥ በጣም ጥሩ የተባሉት እጅግ ዝቅ ሲሉ፣ በጣም ደካማ የተባሉትም አናት ላይ ሲወጡ የታየው ከስንት አንዴ ነው። በመካከል ላሉት ለብዙዎቹ ግን ዕጣቸውን የወሰነው ጥራታቸው ብቻ አልነበረም።

የሚቆጠረው ምንድን ነው? ያልተቆጠረውስ ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ድምፁ የሚሰበሰብበትን መንገድ ይመለከታል። የአሜሪካው «ቢልቦርድ» መጽሔት የአልበም ደረጃ እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ድረስ የሚወጣው የሙዚቃ መደብሮች ራሳቸው በሚሰጡት መረጃ ነበር። በዚያ ዓመት በመደብሩ የሒሳብ መኪና የተመዘገበ ሽያጭ መቆጠር ሲጀምር ቀድሞ ዝቅ ብለው ይታዩ የነበሩ የካንትሪና የራፕ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጡ። የአድማጩ ጣዕም በአንድ ሳምንት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በዚሁ መጽሔት የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ መሆኑ ይታወሳል። ይህ ታላቅ ክብር ነው። ይሁንና ሰንጠረዡ የሚለካው በአሜሪካ ያለውን ገበያ በመሆኑ እዚያ የሚኖር ወገናችን የገዛው ይቆጠራል፤ መሐል ሜዳ ገበያ ወርዶ ዘፈኑን በሚሞሪ ካርድ ያስጫነ ወጣት ግን በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም።

በሬዲዮ ለሚደረግ ምርጫም መልክዓ ምድር ራሱ ድምፅ ይከለክላል። በ102.1 ሜጋኸርትዝ የሚሠራጭ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው አጭር ሞገድ ጉዞው ወደ ቀጥታ መስመር ስለሚጠጋ ተራራ ሲጋርደው ከጀርባው ጥላ ይተዋል። ርዝመቱ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠረው መካከለኛ ሞገድ ግን የምድሩን ቅርጽ ተከትሎ ይጓዛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ያለውን የጓሳን ደጋና ጀማ ከገባሮቹ ጋር የቆረጠውን የመርሐቤቴን ሸለቆ ያየ ሰው ጥላው ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ይገነዘባል። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሰጥ ድምፅም የኔትወርክና የገንዘብ ጉዳይ አለበት። አንድ ሰው ደጋግሞ መላክ ከተፈቀደለት ውጤቱ፣ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር እንደሚለጥፍ ሀብታም፣ የወዳጁን ብዛት ሳይሆን የኪሱን ክብደት ያሳያል።

የድምፅ ሰጪው መብዛት ብቻውን ይህን አያርምም። «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሩዝቬልት ይሸነፋሉ ሲል ተነበየ። አድራሻ ካሰባሰበባቸው ምንጮች ዋነኞቹ የስልክና የመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበሩ፤ ድሃው አልተጠየቀም፤ ከተጠየቁትም የመለሱት ጥቂቶቹ ናቸው። ሩዝቬልት በከፍተኛ ብልጫ አሸነፉ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ፍጹም የሆነ ሥልት የለም ማለት ሁሉም ሥልት እኩል ነው ማለት አይደለም። በትምህርት ቤታችሁ የሙዚቃ ወይም የሒሳብ ክበብ የዓመቱን ምርጥ ዘፈኖች ለመምረጥ ብትነሡ የሚከተሉትን እንመክራለን።

በመጀመሪያ የቆጠራው ሥልት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይወሰን፤ ውጤት ታይቶ የሚመረጥ ሥልት ዳኛ ሳይሆን ደጋፊ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ክርክር ከመጀመሩ በፊት ዝርዝሩን ለብቻው ጽፎ ያስረክብ። ሦስተኛ፣ አንደኛውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ቅደም ተከተል ይጻፍ። ዘፈኖቹ 10 ቢሆኑ የሚወዳደሩት ጥንዶች 45 ናቸው፤ ይህንም ሁለት ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ቆጥረው ይጨርሱታል። ሁሉንም የሚረታ ከተገኘ አሸናፊው እርሱ ነው፤ ቀለበት ከተፈጠረ በቦርዳ ነጥብ ይለይ። አራተኛ፣ ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት ብቻ ይሰጥ። በመጨረሻም ውጤቱ ሲለጠፍ «ምርጥ ዘፈን» ብቻ ተብሎ አይለጠፍ፤ ስንት ሰው፣ ከየት፣ በምን ሥልት እንደተጠየቀ ከሥሩ ይጻፍ።

እንዲህ ያለው ዝርዝር ክርክሩን አይዘጋውም፤ ሊዘጋውም አይገባም። የወደዱት ዘፈን አራተኛ የወጣባቸው ተማሪዎች ግን ወረቀቶቹን አንሥተው ራሳቸው ሊቆጥሩ፣ የተሸነፉትም በሰው ጣዕም ይሁን በቆጠራው ሥልት ለይተው ሊያውቁ ይችላሉ።