ዕንቍላል በእግሩ እንዲሄድ

«ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ ከመካከላችን ያልሰማው የለም። የምንናገረውም ትዕግሥትን ለማስተማር ነው። ነገር ግን ቃሉን ዶሮ ከምታረባ እመቤት አንጻር ብንመረምረው ሌላም ምክር ይገኝበታል። ዕንቍላል በእግሩ የሚሄደው ሳይሸጥና ሳይበላ ቀርቶ የታቀፈ እንደ ሆነ ብቻ ነውና። ስለዚህ ከጥቂት ዶሮዎች የሚያገኘውን ዕንቍላል ወደ ገበያ የሚልክ ቤተ ሰብ፥ የትኛውን ሊሸጥ፥ የትኛውን ሊያሳቅፍ፥ የትኛውንም ለልጆቹ ሊያስቀር እንደሚገባው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚሁ ጉዳይ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልናመለክት ወደድን።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፥ በገበያ ቀን ማለዳ ከስሜን ግርጌ መንደሮች የሚመጡትን እናቶች ሳያይ አይቀርም። ዕንቍላሉ እንዳይሰበር በጭድ ተደርጎ በቅርጫት ይያዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ከገበያው ሳይደርስ ሰብሳቢ ነጋዴ በመንገድ ይቀበለዋል። በተገኘው ገንዘብ ጨው፥ ሳሙናና የተማሪ ደብተር ተገዝቶ ወደ ቤት ይመለሳል። ይህ ገንዘብ በብዙ ቤት በእመቤቲቱ እጅ የሚገባና በእመቤቲቱ ፈቃድ የሚወጣ ስለ ሆነ እጅግ የተከበረ ነው። ሆኖም «ዶሮ ከደጅ ለቅማ ትበላለች፤ ዕንቍላሉም ያለ ወጪ የተገኘ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ብዙዎችን ሲያሳስት ይገኛል።

የብር ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚለዋወጥ፥ ሒሳቡን በዕንቍላል እንቍጠረው። አምስት እናት ዶሮዎችና አንድ አውራ ያሉበትን ቤት እናስብ። ያገራችን ዶሮ በአንድ ዙር 12 ያህል ዕንቍላል ትጥልና ልትታቀፍ ትፈልጋለች፤ በዓመትም ሦስት ወይም አራት ዙር ትጥላለች። መልካሙን ወስደን አራት ዙር ብንል፥ ለአንዲቱ 48፥ ለአምስቱ 240 ዕንቍላል ይሆናል።

አሁን ወጪውን እንመልከት። ለስድስቱ ዶሮዎች ለእያንዳንዳቸው በቀን 30 ግራም ገብስ ቢበተንላቸው፥ በዓመት 66 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። አንድ ኪሎ ገብስ የሦስት ዕንቍላል ዋጋ ቢያወጣ፥ ጥሬው ብቻ 198 ዕንቍላል በላ ማለት ነው። ከዚህ በቀር ያረጁትን ዶሮዎች ለመተካት በዓመት አንዲቱን ማሳቀፍ ግድ ነው። ለዚህም 12 ዕንቍላል ከሥሯ ይደረጋል፤ እርሷም 21 ቀን ታቅፋ ጫጩቶቿን ሁለት ወር ያህል ስታሳድግ ሌላ 12 የምትጥልበት ዙር ያልፋል። ድምሩ 24 ነው። እንግዲህ ከ240 ተርፎ ለገበያ የሚቀረው 18 ዕንቍላል ብቻ ነው! ከዚያም ውስጥ የሚሰበር ይኖራል። የገብሱ ዋጋ በየገበያው ስለሚለያይ፥ እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ አገር ዋጋ ቢያሰላው ይጠቀማል።

መድኃኒቱ ዶሮን ማስራብ አይደለም፤ የተራበች ዶሮ መጣሏን ታቆማለችና። ይልቁንም ንጹሑን ገብስ ለእያንዳንዳቸው ወደ 10 ግራም ዝቅ አድርጎ የቀረውን በግርድ፥ በእንጀራ ፍርፋሪ፥ በጠላ አተላና በጎመን ቅጠል መተካት፥ ውኃም ሳያጓድሉ ማኖር ነው። ያን ጊዜ የጥሬው ወጪ ወደ 66 ዕንቍላል ይወርዳል፤ ለቤቱም 150 ይተርፋል። በአንድ ግቢ ውስጥ፥ በእነዚያው ዶሮዎች፥ በመለካትና ባለመለካት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው ወጪ የሞት ወጪ ነው። ከ12 ዕንቍላል ዘጠኙ ቢፈለፈሉ፥ ጭልፊት፥ ሸለመጥማጥ፥ ብርድና በሽታ ግማሹን ያህል ሳያድግ ይወስዱታል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ስለ ሆነች፥ ሌሊቱ ለጫጩት ብርቱ ነው። ከተረፉትም እኩሌታው አውራ ስለሚሆን፥ ከአንድ ዕቅፍ ሁለት ቄብ ብቻ ብትገኝ አያስገርምም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈንግል ነው፤ በገባበት መንደር በጥቂት ቀን ውስጥ ቆጡን ባዶ ያስቀራል፤ ከያዘ በኋላም የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው ክትባት ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ስለ ሆነ፥ ጎረቤቶች ተባብረው ክረምት ሳይገባ ዶሮዎቻቸውን ቢያስከትቡ ወጪው ለእያንዳንዱ ቤት ይቀላል። በሽታ በታየ ጊዜ «ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው» ብሎ ወደ ገበያ መሮጥ ግን የራስን ጕዳት በሰው ቤት ላይ መጫን ነው፤ ሌላውን መንደር ባዶ የሚያስቀረውም ይኸው ነው።

ከወጪው ቀጥሎ ገበያውን የሚገዛው የጾም ሥርዓታችን ነው። ዶሮ ግን ጾም አታውቅም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች፥ በሌሎቹም አጽዋማትና በረቡዕና በዓርብ እየጣለች ትቀጥላለች፤ ገዢው ግን ያንሳል፥ ዋጋውም ይወርዳል። በትንሣኤ ዋዜማ ደግሞ ዶሮ ወጥ ያለ ዕንቍላል አይሠራምና ሁሉም በአንድ ቀን ይፈልገዋል። በዚህ ጊዜ ፈተና ይመጣል፤ ይኸውም በጾሙ መጀመሪያ የተጣለውን አከማችቶ በፋሲካ እንደ ትኵስ መሸጥ ነው። ሁለት ወር ሊሞላው የተቃረበ ዕንቍላል በሰው የበዓል ድስት ውስጥ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ የሚሻለው ጾሙን የዕቅፍ ወራት ማድረግ ነው። በጾሙ መግቢያ ልትታቀፍ የምትፈልግ ዶሮ ብትገኝ፥ ጫጩቶቿ ለትንሣኤ አንድ ወር ያልፋቸዋል፤ የክረምቱ ዝናብና በሽታ ሳይመጣም ይጠነክራሉ። የቀሩት ዶሮዎች የሚጥሉትን ለማይጾሙ ጎረቤቶች መሸጥ ይቻላል። በደባርቅ የሚገኙ ሆቴሎችም የስሜንን ተራሮች ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች በጾም ወራት ጭምር ዕንቍላል ይገዛሉ። ዳሩ ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ጦርነትና ግጭት የእንግዳው ቍጥር እጅግ ስለ ቀነሰ፥ በዚህ ገበያ ብቻ መተማመን እንደማይገባ ታይቷል።

ለሻጭ የሚገባው ደንብ ጥቂት ነው። ዕንቍላሉ በተጣለ ቀን በከሰል ምልክት ይደረግበት፤ ሳይታጠብ፥ ሹሉ ወደ ታች ሆኖ፥ በጤፍ ወይም በገብስ ውስጥ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ ቀድሞ የተጣለውም ቀድሞ ይሽጥ። የተጠራጠሩትን በውኃ ውስጥ ቢጨምሩት ትኵሱ ይሰጥማል፤ የተበላሸው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ለገዢ መስጠት በሐሰተኛ ሚዛን እንደ መሸጥ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ወጪ ደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶ ያህሉ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ መሆኑን ገልጧል። ገበሬው ዕንቍላሉን ሸጦ ልጁን በደረቅ እንጀራ የሚያሳድግ ከሆነ፥ ትርፉ ከየት መጣ? ለአንድ ሕፃን በሳምንት ሁለት ዕንቍላል ብናስቀር በዓመት 104 ነው፤ ከ150ውም ለገበያ 46 ይቀራል። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ እውነተኛው ትርፍ ግን እርሱ ነው። ብዙ እናቶች በጾም ወራት ዕቃው የጾም ምግብ እንዳይነካ ፈርተው ለሕፃኑ ዕንቍላል ከመቀቀል ይከለከላሉ። ለጾም ዕድሜው ያልደረሰውን ልጅ ግን ሥርዓቱ አያስገድደውም፤ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ለይቶ ማኖር ይበቃል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ፥ እርሷን እንዲለቅ ያዝዛል። ዋጋው ስለ ጨመረ በፋሲካ የምትጥለውን ዶሮ የሚሸጥ ቤት ይህን ያስብ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት እንዳይሆን። በመጀመሪያ ለጥሬው፥ ቀጥሎ ለዘሩ፥ ከዚያም ለልጁ ይከፈል፤ የቀረው ይሸጥ። ገበያው እንዲሰፋ የሚፈልግም ከልጁ ድርሻ አይቀንስ፤ ዶሮዎቹን በክትባት ያድን፥ ጫጩቶቹን ይጠብቅ፥ በሚመጣውም ዓመት በአምስቱ ፈንታ ሰባት ይኑሩት። ዕንቍላል በእግሩ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።