ወርቅና ብር በመዳፍ ውስጥ፦ የአንድ አሮጌ ጨዋታ ትዝታና ጉድለት

በሐረር ጁገል ውስጥ የሚገኘው ዝነኛው አደባባይ ፈረስ መጋላ ይባላል፤ ትርጉሙም የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረሶቹ ዛሬ የሉም፤ ስሙ ግን ከአፍ አልጠፋም። አንድ ነገር ካለፈ በኋላ ስሙና ስሜቱ በሰው ልቦና ውስጥ ለምን ይቆያል? ጥያቄው ለአደባባይ ብቻ ሳይሆን በልጅነታችን በመዳፋችን ይዘነው ለነበረ ጨዋታም ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ «ፖኬሞን ጎልድ» እና «ፖኬሞን ሲልቨር»፣ ማለትም «ወርቅ» እና «ብር»፣ የተባሉትን መንትያ ጨዋታዎች ከሳይንስ አንጻር ለመዳሰስ እንሞክራለን። የምንወደውን ነገር ጉድለት መመርመር ውለታውን መካድ አይደለምና ጉድለቱንም ሳንሸፍን እናቀርባለን።

ከነፍሳት ማጥመድ እስከ ኪስ ጨዋታ

የፖኬሞን ሐሳብ አመንጪ ጃፓናዊው ሳቶሺ ታጂሪ ነው። ታጂሪ በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው በማቺዳ ሲያድግ ነፍሳትን እየያዘ የሚያጠና ልጅ ነበር። ሜዳውና ኩሬው በሕንፃና በመንገድ ሲተኩ ያ ደስታ ለከተማ ልጆች እንዳይቀር አሰበ፤ ያቋቋመው ጌም ፍሪክ የተባለ ድርጅትም የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 አወጣ። ተጫዋቹ ከአገር አገር እየተዘዋወረ 151 ዓይነት ምናባዊ ፍጡራንን ይይዛል፣ ያሳድጋል፣ ያወዳድራል፤ ከጓደኛውም ጋር ይለዋወጣል።

ተከታዮቹ ጎልድና ሲልቨር በጃፓን እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1999፣ በሰሜን አሜሪካ በ2000፣ በአውሮፓ ደግሞ በ2001 ለገበያ ቀረቡ። 100 አዳዲስ ፍጡራን ተጨምረው ቁጥሩ 251 ደረሰ። ጾታ፣ እንቁላልና እርባታ መጡ፤ «ጨለማ» እና «ብረት» የተባሉ ሁለት አዳዲስ ዘሮችም ተፈጠሩ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው ግን ተጫዋቹ ጆቶ የተባለውን አዲስ አገር ሲጨርስ የመጀመሪያው ጨዋታ አገር፣ ካንቶ፣ እንደገና የሚከፈትለት መሆኑ ነበር። በኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆነው ሳቶሩ ኢዋታ በዚህ ሥራ ላይ የሥዕሎቹን መረጃ የሚጨምቅ መሣሪያ በመሥራት እንዳገዘ ይታወቃል።

በሐረር ልክ የተቆረጠ የሚመስል ሰዓት

የዚህ ጨዋታ ትልቁ አዲስ ነገር ሰዓቱ ነው። በካርትሪጁ ውስጥ መሣሪያው ሲጠፋም የማይቆም እውነተኛ ሰዓት አለ። ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ 2ን 15 ጊዜ በራሱ ብናባዛ 32,768 እናገኛለን። ስለሆነም ይህን ርግብግቢት 15 ጊዜ ለሁለት ማካፈል ልክ አንድ ሰከንድ ይሰጠናል። በእጅ ሰዓታችንም ውስጥ ያለው ዘዴ ይኸው ነው።

ጨዋታው ቀኑን በሦስት ይከፍለዋል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ቀኑ ከ4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ሌሊቱ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሁትሁት የተባለው ጉጉት መሰል ፍጡር የሚወጣው ሲመሽ ብቻ ነው፤ ላፕራስ የተባለው የባሕር ፍጡር በአንድ ዋሻ የሚገኘው በዕለተ ዓርብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ግጥጥሞሽ እናገኛለን። ጨዋታው ክረምትና በጋ ሳይለይ ሁልጊዜ በ12 ሰዓት ያመሻል። በተወለደባት በቶኪዮ ግን ፀሐይ በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስትጠልቅ፣ በሰኔ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ትቆያለች። ምክንያቱም ቶኪዮ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 36 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ሐረር የምትገኘው በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የፀሐይ መጥለቂያዋ በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ሁልጊዜም በ12 ሰዓት ዙሪያ ይዞራል። የጃፓኑ ጨዋታ ሰማይ ከጃፓን ይልቅ ለፈረስ መጋላ የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ሲመሽ ከጁገል ግንብ ውጭ ጅቦች ከሰው እጅ ሥጋ በሚቀበሉባት ከተማ ላደገ ልጅም «አንዳንድ ፍጥረት በሌሊት ብቻ ይወጣል» የሚለው የጨዋታው ሕግ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ጉድለቶቹ

ትዝታ ብዙውን ጊዜ ጉድለትን ያለሰልሳል፤ ቁጥር ግን አያለሰልስም። የመጀመሪያው ቅሬታ የችግሩ አቀበት የተዛባ መሆኑ ነው። በጆቶ የመጨረሻውን ሻምፒዮን ስንገጥም የፍጡሩ ከፍተኛ ደረጃ 50 ነው። ከዚያ በኋላ የካንቶ ስምንት አሠልጣኞች ሁሉ ከ60 በታች ናቸው። በመጨረሻ በብር ተራራ ላይ የሚጠብቀው ሬድ ግን ደረጃ 81 የደረሰ ፍጡር ይዟል። በአካባቢው የሚገኙት የዱር ፍጡራን ደግሞ ደካሞች ስለሆኑ ልምምዱ አሰልቺ ይሆናል።

አሰልቺነቱን በስሌት ማሳየት ይቻላል። በጨዋታው ከሚሠራባቸው የዕድገት ቀመሮች በአንዱ መሠረት አንድ ደረጃ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው የልምድ ነጥብ የደረጃው ኪዩብ ነው። ስለዚህ ለደረጃ 60 የሚያስፈልገው 216,000 ነጥብ ሲሆን ለደረጃ 81 የሚያስፈልገው 531,441 ነው። ከ60 ወደ 81 ለመውጣት የሚጠየቀው ድካም ከዜሮ እስከ 60 ከወጣው ይበልጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ አዲሶቹ ፍጡራን በገዛ አገራቸው አለመገኘታቸው ነው። ጨለማ የተባለው ዘር የተዋወቀው በዚህ ጨዋታ ሆኖ ሳለ፣ ከዘሩ አባላት መካከል ሀውንዶርና መርክሮው የሚያዙት ጆቶ ካለቀ በኋላ በካንቶ ነው። ካንቶም ራሷ ተሸራርፋ ነው የመጣችው፤ የቀድሞው የሳፋሪ ሜዳ ተዘግቷል፣ ሲናባር የተባለችው ደሴት ከተማም በእሳተ ገሞራ ጠፍታለች።

ሦስተኛው የፕሮግራም ስሕተት ነው። ተቃራኒ ጾታን ለመያዝ እንዲጠቅም የታሰበው «የፍቅር ኳስ» የሚሠራው ጾታቸው አንድ ሲሆን ነው። «የጨረቃ ኳስ» የሚባለውም የጨረቃ ድንጋይን መፈለግ ሲገባው ኮዱ ሌላ ዕቃ ስለሚፈልግ የታሰበለትን ጥቅም አይሰጥም።

አራተኛው ለሥነ ዘር ተማሪ እጅግ አስተማሪ ነው። እያንዳንዱ ፍጡር ከ0 እስከ 15 የሚደርሱ አራት ስውር ቁጥሮች ይዞ ይወለዳል። ከተለመደው ቀለም የተለየ ብርቅዬ ፍጡር የሚገኘው የመከላከል፣ የፍጥነትና የልዩ ኃይል ቁጥሮቹ ሦስቱም 10 ሲሆኑ፣ የማጥቃት ቁጥሩ ደግሞ ከ16ቱ አማራጮች በተመረጡት ስምንት ላይ ሲወድቅ ነው። ዕድሉ 1/16 × 1/16 × 1/16 × 1/2፣ ማለትም ከ8,192 አንድ ነው። ይሁን እንጂ ጾታም የሚወሰነው በዚያው የማጥቃት ቁጥር ነው። ከስምንት አንዷ ብቻ ሴት በሆነችባቸው ዝርያዎች ሴቷ የምትወለደው ቁጥሩ 0 ወይም 1 ሲሆን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከስምንቱ ምርጥ ቁጥሮች ውስጥ የሉም። በዚህም ምክንያት ከእነዚህ ዝርያዎች ብርቅዬ ቀለም ያላት ሴት ከቶ ልትወለድ አትችልም። በማስታወሻ ቁጠባ ሲባል አንድ ቁጥር ለሁለት ሥራ መዋሉ ያላሰቡትን ክልከላ ወለደ።

የሚያስታውስና የሚረሳ ባትሪ

ከጉድለቶቹ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን ከብልሃቱ የመነጨው ነው። የተጫዋቹ ጉዞ የሚመዘገብበት ማስታወሻ ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ የሚረሳ ዓይነት ነው። ስለዚህ በካርትሪጁ ውስጥ ሲአር 2025 የተባለች የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ተበይዳለች። በቀደሙት ጨዋታዎች የባትሪዋ ሥራ ማስታወሻውን መጠበቅ ብቻ ነበር፤ በጎልድና ሲልቨር ግን ሰዓቱንም ቀንና ሌሊት ትቀልባለች። የባትሪዋ አቅም ወደ 150 ሚሊአምፔር ሰዓት ይጠጋል ብንል፣ ለ10 ዓመት (ለ87,600 ሰዓት) እንድትቆይ በአማካይ ከ2 ማይክሮአምፔር በታች ብቻ መጠቀም አለባት። ትንሽ ብትጨምር ዕድሜዋ ያጥራል። ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ የሆናቸው ካርትሪጆች ባትሪያቸው ካልተለወጠ ማስታወሻቸው የጠፋ ወይም ሊጠፋ የቀረበ ነው።

ከእኛም መካከል የልጅነቱን ካርትሪጅ ከመሳቢያ አውጥቶ ቢከፍተው «አዲስ ጨዋታ» ከሚለው ምርጫ በቀር ምንም ያላገኘ አለ። የእንቁላል መፈልፈያ ሌሊቶች፣ ከወንድም ጋር በኬብል የተለዋወጥናቸው ፍጡራን፣ የሰጠናቸው ስሞች ሁሉ ከአንዲት ባትሪ ጋር ሄደዋል። ባትሪውን በብየዳ መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን አሮጌው ሲነሣ ማስታወሻውም አብሮ ይጠፋልና አስቀድሞ መረጃውን መገልበጥ ያስፈልጋል።

ትዝታ በአንጎል ውስጥ

ለናፍቆት የሕክምና ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዝ የሕክምና ተማሪ ነው፤ «ኖስታልጂያ» ብሎ የሰየመውም ከአገሩ የራቀ ሰው የሚያድርበትን ሕመም ነበር። እኛ ደግሞ ትዝታን በሕመም ሳይሆን በዜማ እናውቀዋለን፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም ነውና።

ትዝታ አካላዊ አሻራ እንዳለው ያሳየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታትሟል። በልጅነታቸው ፖኬሞንን አብዝተው የተጫወቱ አዋቂዎች የፍጡራኑን ሥዕል ሲያዩ በአንጎላቸው የእይታ ክፍል አንድ የተወሰነ ስፍራ ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ተነሣሥቶ ተገኝቷል። ስፍራው በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ያስረዱት ልጆቹ ያችን ትንሽ ስክሪን ሁልጊዜ በዓይናቸው መካከለኛ እይታ ያዩ ስለነበር ነው በማለት ነው። ካርትሪጁ ቢረሳም አንጎል አልረሳም።

ከጆቶ ወደ ባቢሌ

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣው ይኸው ጥናት በብሪታንያ 109 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን የፖኬሞንና የአገራቸውን የተለመዱ ዕፅዋትና እንስሳት ሥዕል አሳይቶ ጠየቀ። የ8 ዓመት ልጆች ከፖኬሞኖቹ 78 ከመቶውን ሲለዩ፣ ከእውነተኞቹ ፍጥረታት የለዩት 53 ከመቶ ብቻ ነበር። የጥናቱ ትምህርት ልጆች ፍጥረትን የመማር ታላቅ አቅም አላቸው፤ የሚያነሣሣቸው ግን ያስፈልጋል የሚል ነው። ነፍሳት አጥማጁ ታጂሪ የጠፋውን ሜዳ ለመተካት የሠራው ሥራ ከቀሪው ሜዳ በላይ መታወቁ አስገራሚም አሳሳቢም ነው።

የሐረር ልጅ ጅብን ያውቃል። ነገር ግን በከተማዋ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ስለሚጠብቃቸው ፍጥረታት፣ በግንቡ ስንጥቅ ስለሚኖሩት ወፎችና ነፍሳት ምን ያህሉን በስም ይጠራል? ጨዋታው ሰዓትን፣ ቀንን፣ ስፍራንና ፍጥረትን አያይዞ ማስተማር እንደሚቻል አሳይቶናል፤ ይህ ዘዴ በማንኛውም ተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስና በሥዕል ሊሠራ ይችላል። እያንዳንዱ ፍጥረት ቁጥር፣ ስም፣ የሚገኝበት ቦታና የሚታይበት ሰዓት ይሰጠው።

በአጠቃላይ ጎልድና ሲልቨር ጉድለታቸው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ታድሰው ሲወጡ የኳሶቹ ስሕተት ቢታረምም የአቀበቱ ቅሬታ አልጠፋም። ሆኖም የምንናፍቀው ፍጹም የሆነ ጨዋታን አይደለም፤ ስንመለከት ሁልጊዜ አዲስ ነገር እናገኛለን ብለን የጠበቅንበትን ዘመን ነው። ያን ዓይነቱን መጠበቅ ለታናናሾቻችን በእውነተኛው ሜዳ ላይ ማውረስ ከቻልን ትዝታችን ከባትሪ ዕድሜ ይሻገራል።